የእትዬ ግራ ትከሻ

መስከረም 14

ለአክስቴ ልጅ ለጉደኛዋ፣

ጤናሽ እንደምን ነው? ሥራሽስ? እኛ ከእትዬ ዓይን በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን። ናፍቆቱን አላበዛውም፤ ያለ መሆኑን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ስልኩን ትተሽ ጻፊላት ያለችኝ እትዬ ራሷ ናት። ባለፈው በስልክ ተጨቃጭቀን ጆሮሽ ላይ ስዘጋብሽ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር። "ስልክ ሲናደዱበት ይዘጋል። ደብዳቤ የከፈተ ግን እስከ መጨረሻው ያነባል" አለችኝ። ሁለታችንንም ከእህቶቿ ከእናቶቻችን ተቀብላ ያሳደገች፣ መርፌ ያስያዘች እሷ ናትና እምቢ አይባልም። ይኸው ሱቁ ውስጥ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግቼ ተቀምጫለሁ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ባለፈው ሳምንት የባንኳ ሴትዮ፣ ያቺ በየዓመቱ የቀሚሷን ወገብ የምታስለቅቀው፣ ስልኳን ከፍታ ገባች። "ይቺ ያንቺ ዘመድ አይደለችም እንዴ?" ብላ ፎቶ አሳየችኝ። አንዲት ሸንበቆ የመሰለች ሞዴል ካፖርት ለብሳ ትራመዳለች። የካፖርቱ ስፌት ሁሉ ወደ ውጭ ወጥቷል። ግራ ትከሻው ወደ ታች ወድቋል። ጀርባው አየር እንደገባበት ከረጢት ተነፍቷል። ጫፉ ደግሞ በግራ በኩል ሽቅብ ሄዷል። ደንበኛ ይዞልኝ ቢመጣ በነፃ አስተካክዬለት "ማን እንዲህ አደረገህ?" ብዬ አጽናንቼ እሸኘው ነበር። ከሥሩ የተጻፈውን ሴትዮዋ አነበበችልኝ፤ "የዓመቱ ደፋር ፈጠራ" ይላል።

እንኳን ደስ ያለሽ። እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ቀጥ ያለ ስፌት ስሰፋ ደፋር ያለኝ ሰው የለም። የተማሪ ዩኒፎርም ምን ድፍረት አለው? የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል አሉ። አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ "የዲዛይነሯ ዘመድ ሱቅ" እያለ ነው የሚገባው። ታፔላ የሚጽፈው ልጅ "ስሟን ከላይ ልጨምርበት?" ብሎ መሰላል ተሸክሞ መጥቶ ነበር። መሰላሉን እንደተሸከመ ተመልሷል።

እትዬ "ምን ሠርታ ነው?" አለችኝ። "ካፖርት" አልኳት። "እንዴት ያለ?" ስትለኝ "እንደ ማንኛውም ካፖርት" ብያት ወደ ስፌት መኪናዬ ዞርኩ።

ከተቻለሽ የጨርቅ ጠርዝ ለሚሰፋው ለኦቨርሎኩ መርፌ ላኪልኝ፤ እዚህ የሚሸጠው ቶሎ ይሰበራል። ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ።

የአክስትሽ ልጅ፣ መስመር


ጥቅምት 28

ለአክስቴ ልጅ ለመስመር፣

ሰላምታዬ ከዚህ እስከዚያ ድረስ ይድረስሽ። የእትዬን ጉልበት ሳሚልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ የባሕር ማዶውን ብርድ ለምጄዋለሁ፣ ሰውን ገና ነኝ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ሳቅሁም፣ ከፋኝም። "ጉደኛ" የሚለኝ ሰው ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው። እትዬ ስም ስታወጣልን ላንቺ ስፌትሽን አይታ "መስመር" አለችሽ፤ ለኔ ስፌቴን አይታ ጉድ አለች፣ በዚያው ቀረሁ።

የምሠራበት ክፍል ከመንገዱ በታች ነው። በመስኮቱ የሚታየኝ የሰው እግርና የልብስ ጫፍ ብቻ ስለሆነ መንገደኛውን ሁሉ በጫፉ ነው የማውቀው። አለቃችን ያለቀ ልብስ ስናሳየው "አፍርሱት" ነው የሚለው። አንድ ጊዜ ቀሚሱን በሙሉ ከዚፕ ሠራን፤ ሲከፈት ምንጣፍ ይሆናል። እኔ ደግሞ አራት እጅጌ ያለው ጃኬት ሠራሁ፤ ሁለቱ ለለበሰው፣ ሁለቱ ለሚያቅፈው። የገዛው የለም፣ ፎቶ ያልተነሳበትም የለም። እንዲህ ነው ሥራዬ። ስታስቢው በጭብጨባ መሀል የቆምኩ ይመስልሽ ይሆናል። እኔ ደግሞ አንቺ ጠዋት የሱቁን በር ስትከፍቺ እትዬ ከኋላሽ ስትገባ ይታየኛል። በዚህ እቀናብሻለሁ። በወረቀት ስለሆነ አላፍርም።

ስለ ካፖርቱ አንዲት ጋዜጠኛ "ይሄ ሐሳብ ከየት መጣ?" ብላ ጠየቀችኝ። "እንጃ" አልኳት።

መርፌውን ልኬልሻለሁ። በምትኩ አንድ ነገር አድርጊልኝ። እትዬን ለኪልኝ። ግራ ትከሻዋን ለብቻ፣ ቀኙን ለብቻ፣ ጀርባዋን ከአንገቷ እስከ ወገቧ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ ለሷም አትንገሪያት።

አክባሪሽ፣ ጉደኛ


ጥር 9

ለአክስቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። መርፌው ደርሶኛል፣ ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት ልልሽ ነበር። ተናድጄ ነው።

እንጃ ማለት ምን ማለት ነው? ጠማማውን ትከሻ የሴትዮዋ ስልክ ላይ ሳየው የማን እንደሆነ ያላወቅሁ መሰለሽ? አንቺ ከመወለድሽ በፊት ጀምሮ እትዬ ግራ ትከሻዋ ከቀኙ አራት ጣት ያህል ዝቅ ያለ ነው። ከዘመድ እንደሰማሁት በልጅነቷ ከደረጃ ወድቃ ሳይጠገን ቀርቶ ነው። መኪና ላይ ስትውል ደግሞ ወደዚያው ጎበጠች። ስለዚህ ነገር ከአፏ አንድ ቃል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔም አልሰማሁም። ለዚህ ነው በቀሚሷ ሁሉ፣ በሹራቧ ሳይቀር፣ በግራ ትከሻዋ ውስጥ ትንሽ ትራስ የምሰፋላት። ጠዋት ስትለብስ መጀመሪያ እጇን የምትሰደው ወደ ትራሷ ነው። መኖሯን ዳስሳ ካረጋገጠች በኋላ ነው ከቤት የምትወጣው። ትራሷን የምሠራው እኔ ነኝ፤ ስትጠቀጠቅ የምቀይራትም እኔ ነኝ። ጎረቤት እንኳ አያውቅም።

እኔ ስሸፍነው የኖርኩትን አንቺ ሞዴል ላይ ሰቅለሽ ለዓለም አሳየሽው። ተጨበጨበልሽ። ከየት አመጣሽው ሲሉሽ እንጃ አልሽ። ሌላው ቢቀር አንድ ጊዜ ስሟን ብታነሺ ምን ይቀርብሽ ነበር? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱ ይሄን ይያዝልኝ።

ልኩን ጠይቀሽኝ የለ፣ ይኸው በሌላ ወረቀት ጽፌዋለሁ። ግራና ቀኙ እኩል ነው። እኔ እስካለሁ ድረስ እኩል ነው።

እትዬ ሰላም ትልሻለች። ይሄን ደብዳቤ አላነበብኩላትም።

መስመር


መጋቢት 3

ለአክስቴ ልጅ ለመስመር፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ ልበል። ልኩ ደርሶኛል። እትዬን ሳይሆን ትራሷን ነው የለካሽልኝ። ግድ የለም፣ የእትዬ ልክ እኔም ጋ አለ፤ እንዳልተሳሳትኩ ለማረጋገጥ ነበር የጠየቅሁሽ።

ከየት እንዳመጣሁት ልንገርሽ። ልጆች ሆነን እትዬ ጨርቅ ስትቆርጥ ቀጥ ያለው ትራፊ ላንቺ ነበር የሚሰጠው። ከብብትና ከአንገት የተረፈው ብጣሽ ለኔ። ከብብት በተረፈ ብጣሽ ምን ቀጥ ያለ ነገር ይሰፋል? አንቺን መኪናው ላይ፣ ከፊቷ፣ ታስቀምጥሻለች። እኔን ስፒል አስይዛ ከኋላዋ ታቆመኛለች፤ የራሷን ልብስ ስትሞክር ጫፉን እንዳስተካክልላት። አንቺ ፊቷን አይተሽ ነው ያደግሽው፤ ስትስቅልሽ፣ ስትቆጣሽ። እኔ ያየሁት ትከሻዋንና ጀርባዋን ነው። ምን ያህል እንደምቀናብሽ አታውቂም ነበር። ግን አንድም ቀን ጠማማ መስላ ታይታኝ አታውቅም። ጠማማ የሚመስለኝ የምትለብሰው ልብስ ነበር።

ያ ካፖርት ለሞዴል አልተሠራም። ለእትዬ ነው የሠራሁት። የምሳ ሰዓቴን እየቆጠብኩ ስሰፋው አለቃዬ አየና ሞዴሏ ላይ አደረገው፤ ጉድ ተባለ። ሞዴሏ ላይ የተጣመመው ሞዴሏ እትዬ ስላልሆነች ነው። ጀርባውን ያሰፋሁት ጉብጠቷ እንዲገባበት ነው። በግራ በኩል ጫፉን ያሳጠርኩት እሷ ላይ ሲወርድ እኩል እንዲሆን ነው። ስፌቱን ወደ ውጭ ያወጣሁት ዓይኗ ስለደከመ ነው፤ ልብስን በጣቷ እንደምታይ ነግረሽኝ አልነበር? እንጃ ያልኩት ደግሞ ጋዜጠኛዋ እትዬን እንዳታገኛት ነው። የኔ ብቻ ሆና እንድትቆይ ፈልጌ ነው። ይሄም ቅናት ነው፣ አልክደውም።

ካፖርቱን ዛሬ በጥቅል ልኬዋለሁ። አለቃዬ ለሚመጣው ትርኢት ሲፈልገው ያጣዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አያለሁ። ደብዳቤው ይቀድማል ብለውኛል። ትራሷን አውጥተሽ አልብሻት። ሌላ ምንም አታድርጊ።

ጉደኛ


መጋቢት 21

ለአክስቴ ልጅ ለጉደኛዋ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ ደህና ነን። ጥቅልሽ በሰላም ደረሰ። ደብዳቤ የለውም፣ "ለእትዬ" የምትል ብጫቂ ብቻ ናት። የጻፍኩሽን አስበሽበት፣ ተጸጽተሽ፣ አስተካክዬ እንዳለብሳት የላክሽው መሰለኝ። ደግ አደረግሽ። ትልቅ ሰው የሚያደርገው ይሄን ነው።

እኔም ዩኒፎርሙን ሁሉ ወደ ጎን አድርጌ ያዝኩት። ስፌቱን ፈትቼ ወደ ውስጥ መለስኩት። ጀርባውን አጠበብኩ። ትከሻውን አነሳሁና ትራስ ከተትኩበት። ጫፉ በግራ አጥሮ ስለነበረ ቀኙን ቆርጬ አስተካከልኩት። አሁን ካፖርት ሆኗል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ስፈታው እጄ ዘግይቶብኛል። ክሩ አንድ ቦታ እንኳ አልተጎተተም፤ ከየት ተማርሽው? ከኔ ይበልጣል ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ከዚያ የተጣመመውን ጫፍ አየሁና ተጽናናሁ።

እትዬን መስታወቱ ፊት አቁሜ አለበስኳት። ቀጥ አለ፤ ባንክ ቤት ሥራ አስኪያጅ መሰለች። ጣቷን ደረቷ ላይ፣ ጎኗ ላይ፣ እጅጌው ላይ እያንሸራሸረች ብዙ ቆየች።

"የማን እጅ ነው?" አለችኝ።

"የጉደኛ ነው፤ እኔ ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።"

"የሷ የቱ ጋ ነው?"

አወለቀችውና ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩላት። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችኝም። ሳትወደው አልቀረችም መሰለኝ፤ አንቺ የላክሽው ነገር ስለሆነ ፈርታ ይሆናል ያልተናገረችው።

ሁለተኛ ስትልኪ ቀጥ አድርገሽ ላኪ፤ ድካም ትቀንሺልኛለሽ።

መስመር


ሚያዝያ 26

ለአክስቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ባለፈው ሳምንት መጣ፤ የመጋቢቱ። ጥቅሉ ከደረሰ ወር ካለፈው በኋላ። ፖስታው ላይ የሦስት አገር ማኅተም አለበት፤ ዓለምን ሲዞር ከርሟል።

ካፖርቱ ሁለት ኪስ ነበረው። አንዱ ውስጥ ብትከቺው ምን ነበረበት? መጀመሪያ በዚህ ነው የተናደድኩት፤ የምናደድበት ሌላ ነገር ላለማግኘት። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ የሱቁን በር በቀን ዘጋሁና ካፖርቱን ከሚስማሩ አወረድኩት።

የእትዬን ደንብ አልረሳሽውም፣ ልብስ በባለቤቱ ተለብሶ እስኪለመድ ብጣሹ አይጣልም። እሷ ደግሞ ካፖርቱን ከዚያ ቀን በኋላ አልነካችውም፤ ስለዚህ የቆረጥኩት ጨርቅ ካርቶኑ ውስጥ ነበር። የራሴን ስፌት ፈታሁ። ፈትቼ የማላውቀውን የራሴን ስፌት። ጀርባውን ለቀቅኩት፣ ትከሻውን አወረድኩት፣ የቆረጥኩትን ጫፍ መልሼ ቀጠልኩ። ጨርቁ ተቆርጦ የተቀጠለ መሆኑ ይታያል፤ ምን አደርገዋለሁ፣ እሱንም እንዳንቺ ወደ ውጭ አወጣሁት።

"እትዬ፣ ነይ እስቲ ካፖርቱን እንደገና እንሞክር" አልኳት።

"ሞክረነው የለም?"

"ያኔ ሌላ ነበር።"

ትራስ ያለበትን ሹራብ አስወለቅኳት። ስታወልቅ እንደ ትንሽ ልጅ ተሸማቅቃ ክንዷን ደረቷ ላይ አጠፈች። ካፖርቱን አለበስኳት። ጀርባዋ ከረጢት ባልኩት ውስጥ ገብቶ ቦታውን ያዘ። ትከሻው ትከሻዋ ላይ አረፈ። ጫፉ ዙሪያውን እኩል ሆነ፤ ጎንበስ ብዬ ከወለሉ ለካሁት፣ እኩል ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት እኩል ለማድረግ ስታገል እንዲህ እኩል ሆኖልኝ አያውቅም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት ለካ ለኔ ኖሯል።

እንደ ልማዷ እጇን ወደ ግራ ትከሻዋ ሰደደች። ትራሷን ፈለገች። አጣቻት። የካፖርቱን ስፌት ነው ያገኘችው። በጣቷ ከአንገቷ ጀምራ እስከ ክንዷ ድረስ ተከተለችው፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ቀኙን። ከዚያ እንደገና ግራውን።

"ማነው የለካኝ?" አለች።

እኔ ነኝ ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ማን ይመሰክርብኛል? ዓይኗ አያይ፣ አንቺ ባሕር ማዶ ነሽ።

"ጉደኛ ናት" አልኳት።

"ሳታየኝ?"

"ሳታይሽ።"

ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ሰምቼያት አላውቅም። ለኔ የምትስቀው ሳቅ ሌላ ነው፣ "ጎበዝ" የሚል ሳቅ ነው። ይሄኛው ስሙን አላውቀውም። ቀናሁ። አጠገቧ ቆሜ፣ የካፖርቱን ቁልፍ እየቆለፍኩላት፣ ቀናሁብሽ። ልብስ አልብሼ፣ ቤት አስገብቼ፣ መድኃኒት አስታውሼ የኖርኩት እኔ፤ የለካሻት አንቺ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካፖርቱን አታወልቅም። የባንኳ ሴትዮ አይታት "እትዬ፣ ምን ተገኘ? ቀና ብለሻል" አለቻት። አሁን ደግሞ ከቀሚሶቿ ሁሉ ትራሷን አውጪልኝ ብላኛለች። በየቀኑ አንድ አንድ እፈታለሁ። ነገር ግን ትራሷ ከወጣ ልብሱ ሁሉ እንደገና መሠራት አለበት። ትናንት ልለካት ሜትሩን ዘረጋሁ። ግራውን ለካሁ፣ ቀኙን ለካሁ፤ ወረቀቱን ሳየው ሁለቱንም እኩል ጽፌዋለሁ። እንደገና ለካሁ፣ እንደገና እኩል ጻፍኩ። እጄ ያንን ብቻ ነው የለመደው።

እንግዲህ ይሄን ለመጻፍ ምን ያህል እንደከበደኝ አንቺ ገምቺው። እትዬ አሁን ከፊቴ ተቀምጣለች፤ ክንዴን ብዘረጋ እደርስባታለሁ። ልኳን ላኪልኝ።

መስመር


ሰኔ 11

ለአክስቴ ልጅ ለመስመር፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ጤናሽን፣ ጤናዋን ያብዛላችሁ። እኔ ደህና ነኝ። አለቃዬ ግን ደህና አይደለም። ለትርኢቱ ካፖርቱን አምጪ ሲለኝ "ባለቤቷ ለብሳዋለች" አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ቀልድ አለመሆኑን ሲያውቅ ስሜን ከትርኢቱ አወጣው። ከጀርባ ሆኜ የሌላ ሰው ልብስ በካውያ ስተኩስ አመሸሁ። ያቺ ጋዜጠኛ እዚያው ድረስ መጥታ ያንኑ ጠየቀችኝ፣ ከየት መጣ ብላ። በዚህ ጊዜ "ከአክስቴ ትከሻ" አልኳት። ከዚያ በኋላ ስለኔ የጠየቀ የለም። እትዬ ስንት ዓመቷ ነው፣ እትዬ ምን ትላለች፣ የእትዬ ፎቶ የለሽም ወይ። እመኚኝ፣ በእትዬም ቀናሁባት።

ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። የሳቋ ቦታ ላይ ስደርስ አቆማለሁ፣ እንደገና ከላይ እጀምራለሁ። አፍሽ ላይ የደረሰውን መልሰሽ ስሜን ስለነገርሻት አመሰግንሻለሁ። እኔ ብሆን የማደርገው አይመስለኝም።

ልኳን ግን አልልክልሽም።

ተቆጪኝ፣ መብትሽ ነው። ሱቁ አንቺ ጋ ነው። መቀሱ አንቺ ጋ ነው። ያ ሳቅ ራሱ አንቺ ፊት ነው የተሳቀው፤ እኔ ጋ የደረሰው በወረቀት ነው፣ ያውም ቀናሁ ተብሎ ተጽፎበት። እኔ ጋ ያለው ልኳ ብቻ ነው። እሱን ከሰጠሁሽ ምን ይዤ እቀራለሁ?

ደግሞም አያስፈልግሽም። ሜትሩን አስቀምጪውና ከፊቷ ተነሺ። ስፒሎቹን ያዢና ከኋላዋ ሂጂ። እሷ መስታወቱ ፊት ስትቆም እኔ የምቆመው በጀርባዋና በግድግዳው መሀል ነበር፤ እዚያ ሆነሽ ወረቀት ሳትይዢ ዝም ብለሽ እያት። ጠባብ ነው፣ ክርንሽ ግድግዳውን ይነካል። ለአንድ ሰው ግን ይበቃል። እኔ ከሄድኩ ወዲህ የቆመበት የለም።

ጉደኛ